አራት መቶ መስመር የአቋም መግለጫ

ተሳስተሃል የሚሉኝ ሰዎች ዛሬም ድሬዳዋ ውስጥ አሉ። ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ሳልፍ ሲያዩኝ ይጠቃቀሳሉ። ይጠቃቀሱ። አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል በራሴ መንገድ ተርጉሜ፣ አንድ ፋብሪካ ሙሉ ሠራተኛ በቀትር ሙቀት አራት መቶ መስመር እንዲያዳምጥ ማድረጌን አልክድም። የምክደው መሳሳቴን ነው። እናንተ ነገሩን እስከ መጨረሻው ስሙኝና ፍረዱ። ብትፈርዱብኝም ግን ከቃሌ ንቅንቅ እንደማልል ከወዲሁ እወቁት።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ከአንድ ግሪካዊ በተወረሰ የአዝራር ፋብሪካ ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። የአዝራር ፋብሪካ ስላችሁ ፈገግ አትበሉ። አገሩ ሁሉ ሱሪውን በእጁ ይዞ እንዳይሄድ ያደረግነው እኛ ነን። ሆኖም እኔ የምታወቀው በጸሐፊነቴ ሳይሆን በገጣሚነቴ ነበር። ግጥም ማንም አላስተማረኝም፤ የባቡር ሠራተኛ የነበረው አባቴ ትቶት በሄደው የጭነት መመዝገቢያ ጀርባ ላይ ስጽፍና ስሰርዝ ራሴን አስተማርኩ። በፋብሪካው የግድግዳ ጋዜጣ ላይ በየወሩ አንድ ግጥም እለጥፍ ነበር፤ ሰውም ከሥሩ ተሰብስቦ ረጅም ጊዜ ቆሞ ያነብ ነበር። ጋዜጣው የተሰቀለው ከቬንትሌተሩ ፊት ለፊት መሆኑን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው።

ለማንኛውም «የቋንቋ ሰው» የሚል ስም ወጣልኝ። ስም ከወጣላችሁ ደግሞ ዋጋውን ትከፍላላችሁ።

አንድ ሰሞን ለወታደር ልብስ የሚሠራው አረንጓዴ አዝራር ከመጋዘን ይጠፋ ጀመር። የሸሚዝ አዝራር ቢጠፋ ሌብነት ይባላል። የወታደር አዝራር ሲጠፋ ግን ስሙ ይለወጣል፤ አሻጥር ይሆናል። አሻጥር ያኔ በልቶ የማይጠግብ ቃል ነበር፤ አንድ ቦታ ከተነገረ ሰው ሳይበላ አይመለስም። ዓይኖች ሁሉ በሩ ላይ ወደሚቆመው ጥበቃ ወደ አደም ዞሩ።

አደም የመልካ ጀብዱ ሰው ነው። ማለዳ ማለዳ በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ይመጣል፤ በግሪኩ ዘመንም፣ ከውርሱም በኋላ እዚያችው በር ላይ ነው። ሠራተኛው ሲወጣ እጁን ያነሳል፣ አደም ይፈትሻል፣ ሰው ያልፋል። በእሱ ዘንድ ትልቅ ትንሽ የለም፤ ሁሉንም «አንተ» ነው የሚለው። ይህን ከመሀል አገር የመጡ ሰዎች ንቀት ይመስላቸዋል፤ እኛ ድሬዎች ግን የምናከብረውን ሰው ሁሉ አንተ እያልን ነው የኖርነው። አደም አንድ ሌላ ችሎታም ነበረው። ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ሳለ ከኋላው የሚመጣውን ሰው በጫማው ኮቴ ብቻ ስሙን ይጠራዋል።

አዲስ የተዛወረው ሥራ አስኪያጃችን ጓድ መኮንን ይህን ችሎታ አልወደደውም። ሰውን በኮቴ የሚያውቅ ሰው ከሌባ ጋር መስማማት አያቅተውም ብሎ አሰበ። ስብሰባ ጠራና ላቡን በመሐረብ እየጠረገ፣ በሠለጠነው ዓለም በር የሚጠብቀው ቴሌቪዥን መሆኑን አስረዳን። ቴሌቪዥኑ አይተኛም፣ ጫት አይቅምም፣ ዘመድ የለውም፣ ደመወዝ ይጨመርልኝ አይልም። እሱ የመጣ ዕለት በር ላይ የሚቆም ሰው አያስፈልግም፤ አደምም ይሰናበታል አለ። ይህን ሲል አደም ከበሩ ጎን ቆሞ ይሰማ ነበር። ቀጥሎም መሣሪያውን የሚመርጥ የሦስት ሰው ኮሚቴ ተቋቋመ። ሥራ አስኪያጁ ራሱ፣ የጥበቃ ኃላፊው ሃምሳ አለቃ ፈይሳ፣ እና የቋንቋው ሰው። የመሣሪያው መግለጫ በእንግሊዝኛ ስለሆነ እኔ ተርጉሜ ሪፖርት አዘጋጃለሁ፤ ሪፖርቱ ወደ በላይ አካል ይሄዳል።

ከስብሰባው ስወጣ አደም እጄን አስነስቶ እየፈተሸኝ ጠየቀኝ።

«አቦ፣ ያ ሳጥን እውነት እኔን ያስወጣኛል?»

ገና እንዳልተረጎምኩት ነገርኩት።

«እንግዲያው ቶሎ ተርጉመው። ቤት ስገባ የምነግራቸው ነገር ልያዝ።»

እተረጉመዋለሁ አልኩት። እውነቱን እስካውቅም ስለ እሱ አንድም ነገር እንደማልፈርም ቃል ገባሁለት። እኔ ቃል የምገባው ሳላስብ ነው፤ የምጠብቀው ግን አስቤ ነው።

ሁለት ካታሎግ ተሰጠኝ። አንደኛው ከወዳጅ አገር የመጣ ነው፤ ወረቀቱ ሻካራ፣ እንግሊዝኛው ከእኔም የባሰ። ሌላኛው በጅቡቲ በኩል የገባ ነው፤ ወረቀቱ እንደ መስተዋት ያበራል፣ ጸጉራቸውን የተተኮሱ ሴቶች ቴሌቪዥን እያዩ ይስቁበታል። ሌባ እያዩ ለምን እንደሚስቁ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

መዝገበ ቃላት ነበረኝ። ያገኘሁት አሸዋ ገበያ ከአንዲት ኦቾሎኒ ሻጭ ነው። ሴትዮዋ እኔ ከመግዛቴ በፊት የፊተኞቹን ገጾች ኦቾሎኒ ጠቅልላ ሸጣቸው ስለነበር መጽሐፉ የሚጀምረው ከ«ዲ» ነው። ስለዚህ በ«ኤ»፣ በ«ቢ» እና በ«ሲ» የሚጀምር እንግሊዝኛ ሁሉ ከኔ አቅም በላይ ነው፤ ስሙ በነሱ የሚጀምርን ሰውም በጥርጣሬ ነው የማየው።

አሁን ፍረዱኝ። ካታሎጉ ገና ከደጁ «ክሎዝድ ሰርኪት» ይላል። ሁለቱም በ«ሲ»። «ክሎዝድ» ዝግ መሆኑን ከባንክ ቤት በር አውቀዋለሁ። «ሰርኪት» ግን «ሰርክል» ከሚለው ጋር ወንድማማች መስሎ ታየኝ፤ ሰርክል ደግሞ ክበብ ነው፤ ክበብ ምን እንደሆነ በየሳምንቱ የውይይት ክበብ ውስጥ የምናንቀላፋ ሰዎች እናውቃለን። «ዝግ ክበብ ቴሌቪዥን» ብዬ ጻፍኩ። «ኦቶ አይሪስ» የሚል መጣ። ኦቶ መኪና ነው፤ አይሪስን መዝገበ ቃላቱ «የአበባ ዓይነት» ይለዋል። «የመኪና አበባ» ብዬ አለፍኩ፤ ለሙሽራ መኪና ያስፈልግ ይሆናል አልኩ። «ዙም ስድስት ጊዜ» የሚል መጣ። መዝገበ ቃላቱ ዙምን እንደ ዝንብ ወይም እንደ ንብ መጮህ ብሎ ፈታልኝ። «ካሜራው ስድስት ጊዜ እንደ ንብ ይጮኻል» ብዬ ጻፍኩ። «ዳሚ ካሜራ»ን «ዱዳ ካሜራ» አልኩት፤ ከዚያ ሌሎቹ ይናገሩ ይሆን ብዬ ጥቂት ተጨነቅኩ። «ብላይንድ ስፖት»ን በ«ቢ» ስለሚጀምር በግምት «ዕውር ቦታ» አልኩት፤ ይህችን ብቻ በትክክል እንደተረጎምኩ ያወቅኩት በኋላ ነው።

ረቂቁን መጀመሪያ ያየው ሃምሳ አለቃ ፈይሳ ነው። ሃምሳ አለቃ ሁርሶ ማሠልጠኛ ውስጥ ዕድሜውን ምልምል ሲያሰልፍ ኖሮ በጡረታ ወደኛ የመጣ፣ እጅግ ቅን ሰው ነው፤ ቅንነቱም የተሰለፈ ነው፤ ከሰልፉ አንድ ጣት አይወጣም። መነጽሩን አድርጎ የመጀመሪያዋን መስመር አነበበና ቆመ።

«የዚህ ዝግ ክበብ አባላት እነማን ናቸው?»

«አባላት የሉትም ሃምሳ አለቃ፤ ሽቦ ነው።»

«አባል የሌለው ክበብ አይቼ አላውቅም። ዝግ ከሆነ ደግሞ ለምን ተዘጋ?»

በዚያን ዘመን ይህ የሚያስቅ ጥያቄ አልነበረም። ስለ ዝግ ክበብ የተጠየቀ ሰው መልሱን ሌላ ቦታ ሄዶ ነበር የሚሰጠው። እንደ እድል ሆኖ ታች «ማስተር ሞኒተር» እና «ስሌቭ ሞኒተር» የሚሉ ነበሩ፤ እኔም «ጌታ ሞኒተር» እና «ባሪያ ሞኒተር» ብያቸዋለሁ። ሃምሳ አለቃ እዚያ ሲደርስ ክበቡን ረሳ። በአብዮት ምድር ባሪያ የሚባል ሞኒተር በዚህ በር አይገባም ብሎ በገዛ እጁ ሰረዘና «ሰብሳቢ ሞኒተር» እና «አባል ሞኒተር» ብሎ አረማቸው። በዚህም ክበቡ ሰብሳቢና አባላት አገኘ፤ ጥርጣሬውም ተወገደ። የመኪናውን አበባ ዝም ብሎ አለፈው። እንደ ንብ መጮሁን ግን በጣም ወደደው፤ ሌባ ይደነግጣል አለ።

ወደ ዋናዋ ቃል ደረስን። ካታሎጉ «ሬዞሉሽን፣ አራት መቶ መስመር» ይላል። ሬዞሉሽን በ«አር» ነው የሚጀምረው፤ መዝገበ ቃላቴ ውስጥ በሙሉ ክብሯ ተቀምጣለች። ከፈትኩ። «ውሳኔ፤ የአቋም መግለጫ» ይላል።

እስቲ በኔ ቦታ ሁኑ። በዚያን ጊዜ ያለ አቋም መግለጫ የሚፈጸም ነገር ነበር? ስብሰባ ሲያልቅ የአቋም መግለጫ፣ ዘር ሲዘራ የአቋም መግለጫ፣ የውኃ ቧንቧ ሲመረቅ የአቋም መግለጫ። ማሽን የአቋም መግለጫ ቢጠይቅ ምን ይገርማል? ርካሹ የወዳጅ አገር ዕቃ ሁለት መቶ ሃምሳ መስመር ብቻ ይበቃዋል፤ በጅቡቲ የመጣው አራት መቶ ይጠይቃል። ጥሩ ዕቃ ጥሩ አቋም ይፈልጋል ብዬ ደመደምኩ። በሪፖርቱም እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ መሣሪያው አጥርቶ እንዲያይ አራት መቶ መስመር የአቋም መግለጫ ያስፈልገዋል። ሃምሳ አለቃም ራሱን ነቀነቀ። ሳይምል መሣሪያ የሚረከብ ወታደር የለም አለ። ሥራ አስኪያጁ ፈረመበት፤ ሪፖርቱ በዚያው ቀን ወደ ላይ ሄደ።

እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ያን ሁሉ ቃል ተርጉሜ የአደምን ጥያቄ አልመለስኩም። ሳጥኑ ሰው ያስወጣል ወይስ አያስወጣም? ካታሎጉ ውስጥ ስለ እሱ አንድም ቃል የለም። ስለዚህ በማግስቱ ሁለቱን ካታሎጎች በብብቴ ይዤ ታይዋን ገበያ ወረድኩ።

ታይዋን ውስጥ ፋጡማ የምትባል ሶማሌ ነጋዴ ነበረች። ከፊት ለፊት ሽርጥና ሸሚዝ ትሰቅላለች፤ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ የኮንትሮባንድ ጠባቂው ፊናንስ እንዲያየው የማትፈልገው ቴፕና ቴሌቪዥን አለ። ወንድሟ ጅቡቲ የእንደዚህ ያለ ዕቃ ጠጋኝ ስለሆነ ነገሩን ከሱ ተምራዋለች። ትርጉሜን አነበብኩላት። የመኪና አበባ ላይ ስደርስ የምትለካውን ጨርቅ ጣለችና ሸሚዞቹን ተደግፋ ሳቀች። ስድስት ጊዜ እንደ ንብ ሲጮህ ጎረቤቷን ጠራች። ከዚያ በኋላ ለጎረቤቷ ስል እንደገና ማንበብ ነበረብኝ።

ስቃ ሲወጣላት እጄን ይዛ ከመጋረጃው ጀርባ አስገባችኝ። ለሠርግ የምታከራያት አንዲት የቪዲዮ ካሜራ ነበረቻት፤ በሽቦ ከቴሌቪዥን ጋር አገናኘቻት። ዝግ ማለት ይሄ ነው፤ ሽቦው ከዚህ ተነስቶ እዚህ ያልቃል፣ ሌላ ሰው ቤት አይገባም አለችኝ። አባል የለውም። አይሪስ የድመት ዓይን ነው፤ ፀሐይ ሲበዛ ይጠባል፣ ጨለማ ሲሆን ይሰፋል። ዙም ሩቁን ያቀርባል፤ ሲያቀርብ ግን ዙሪያውን ያጣል፣ ስለዚህ የአንዱን ፊት አይቼ የሌላውን እጅ አላየሁም ማለት ነው። ዱዳው ባዶ ቆርቆሮ ነው፤ ለማስፈራራት ይሰቀላል። ዕውር ቦታ ካሜራው የማይደርስበት ጥግ ነው፤ ዕውር ቦታውን ሳያውቅ ካሜራ የሚገዛ ሰው ለሌባ በር ከፍቶ ለራሱ ቴሌቪዥን ገዛ ማለት ነው አለች። ይህን ሁሉ ስትናገር አንዲት ደንበኛ ሽርጥ እየመረጠች ነበር፤ ዋጋውን በሶማሊኛ፣ ሌንሱን በአማርኛ፣ ሳቁን በአረብኛ ነው የምታስኬደው።

ሬዞሉሽን ግን ምን እንደሆነ በቃል አልነገረችኝም። በሩ ድረስ ሄጄ ቆሜ እንድመለስ አዘዘችኝና ቴሌቪዥኑን አሳየችኝ። ምስሉ ከመስመር የተሠራ ነው፤ መስመሩ ሲበዛ ፊት ይለያል፣ ሲያንስ ጭጋግ ነው።

«ዋርያ፣ አሁን በሩ ላይ ሰው እንዳለ አየሁ» አለችኝ። «ሰውየው አንተ መሆንህን ግን እንዴት አወቅኩ?»

አላውቅም አልኳት።

«በአካሄድህ ነዋ። አንገትህን ወደፊት አስቀድመህ እንደ ዳክዬ ነው የምትሄደው። ሳጥኑ ሰው አለ ይላል እንጂ ማን ነው አይልም። ማን ነው የሚለው ሰው ነው። እሱም ሰውዬውን የሚያውቅ ሰው።»

ስለ አካሄዴ ያለችውን ለጊዜው ይቅር አልኳት። ምክንያቱም ያን ጊዜ አደም ፊቱን አዙሮ ሰውን በኮቴ ሲጠራ ታየኝ። ሳጥኑ አደምን አያስወጣውም። ሳጥኑ ራሱ አደም ያስፈልገዋል። ይሄን ሁሉ እንግሊዝኛ ያገላበጥኩት ለዚህች አንዲት መልስ ነበር።

እየሮጥኩ ተመለስኩ። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቼ፣ ሬዞሉሽን የአቋም መግለጫ ሳይሆን የምስል ጥራት መሆኑን፣ መሣሪያው ሰውን የሚያውቅ ሰው ከሌለ ጥቅም እንደሌለው፣ ሪፖርቱም እንዲታረም እንደምፈልግ ነገርኩት። እሱም ከበላይ የመጣ ደብዳቤ ገፋልኝ። የተጠቀሰው የአራት መቶ መስመር የአቋም መግለጫ በጠቅላላ ሠራተኛው ጸድቆ በአስቸኳይ ይላክ ይላል።

«ወደ ላይ የሄደ ወረቀት አይሳሳትም» አለኝ። «ገጣሚ አይደለህ? ጻፍ።»

ጻፍኩ። እናንተ አራት መቶ መስመር የአቋም መግለጫ ጽፋችሁ ታውቃላችሁ? የመጀመሪያው ሃምሳ ቀላል ነው፤ ኢምፔሪያሊዝምን፣ አድኃሪያንንና ቢሮክራሲን ማውገዝ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ጠላት ያልቃል። በመቶ ሃያ ላይ ዝገትን አወገዝኩ። በመቶ ስልሳ ላይ የደቻቱን ወንዝ ጎርፍ። ሁለት መቶ ላይ ስደርስ ባለ ሁለት ቀዳዳ አዝራር ከባለ አራት ቀዳዳው ጎን በጽናት እንዲሰለፍ ጥሪ አቀረብኩ። ሦስት መቶ ላይ ቤት መምታት ጀመርኩ፤ ሳላውቀው ግጥም ሆነ።

በመሐሉ አደምን ይዤ ፋብሪካውን ዞርኩ። ዕውር ቦታ የት ነው ብዬ ጠየቅኩት። ቃሉን ሳስረዳው ገና ሳልጨርስ እጄን ይዞ በራሱ በር ላይ አቆመኝ። እዚህ ነው አለኝ። በእግሩ የሚወጣ ሁሉ ይፈተሻል። የሥራ አስኪያጁ ላንድሮቨር ግን ጥሩምባ ትነፋለች፣ በር ይከፈታል፣ ትወጣለች። እንዳይነካት ታዟል። ብዙ ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ውስጧ እንኳን የለም፤ ሾፌሩ ብቻ ነው፤ አንዳንዴም ማን እንደሆነ የማይታወቅ ዘመድ። አደም ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ የጠየቀው ሰው ስላልነበረ። እንግዲህ መቶ ካሜራ ቢሰቀል ካሜራው የሚያየው ላንድሮቨር ስትወጣ ነው። እሱንማ አደምም ያያል።

ስለዚህ ከሦስት መቶ ዘጠናኛው መስመር በኋላ አንዲት መስመር አስገባሁ፦ «ከዚህ በር የሚወጣ ሰውም ሆነ ማንኛውም ተሽከርካሪ፣ የሥራ አስኪያጁ ጭምር፣ ያለ ልዩነት ይፈተሻል፤ ፈታሹም አደም ነው።» ሥራ አስኪያጁ ረቂቁን ሲያነብ ሌላውን ሁሉ ዘሎ፣ ዝገቱንም ጎርፉንም ዘሎ፣ እዚህች ላይ ሲደርስ ቀይ እስክሪብቶ አወጣ። የአቋም መግለጫ ውስጥ የግለሰብ ስም አይገባም ብሎ ሰረዛት። ተከራከርኩ። ቀጥል አለኝ። መስመሩ ከተሰረዘ አደም እንደሚሰናበት ሁለታችንም እናውቃለን፤ እሱ ስላወቀ ሰረዘ፣ እኔ ስላወቅኩ ወረቀቱን በንጹህ ሳልገለብጠው እንደተሰረዘ ይዤው ወጣሁ።

ስብሰባው ከስድስት ሰዓት በፊት ይጠናቀቃል ተብሎ ነበር የተጠራው። ድሬዳዋን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከቀትር በኋላ ከተማው በሩን ዘግቶ ይተኛል፣ ወይም ተጋድሞ ይቅማል፤ በዚያ ሰዓት የሚሰበሰብ ጤነኛ ሰው የለም። ስብሰባው ግን ዘገየ፤ እኔ ቀትር ላይ ማንበብ ስጀምር መብራት ሄደ፤ ቬንትሌተሩ ቆመ። ሃምሳ አለቃ ፈይሳ ከጎኔ ቆሞ በእጄ ያለውን ወረቀት በማስመሪያ እየተከተለ መስመር ይቆጥራል። አራት መቶ ተብሏል፣ አራት መቶ ይሆናል ብሏል። መቶኛው ላይ ሰዎች ጫማቸውን አወለቁ። ሁለት መቶኛው ላይ የማሸጊያ ክፍል ሴቶች ግማሾቹ ተኝተው ግማሾቹ በየተራ ያጨበጭቡላቸው ነበር። ሦስት መቶ ላይ ቤት መምታት ስጀምር አዝራር በሚበሳው የቀዳዳ ማሽን ላይ የሚሠራ አንድ ሰው ዓይኑን ገልጦ አሁን ደህና ሆነ አለና ተመልሶ ተኛ። ሥራ አስኪያጁ በመድረኩ ላይ በላብ ተነክሮ መሐረቡን ፊቱ ላይ ጥሏል።

ጨረስኩ። እጆች ለማጽደቅ ተነሱ። ያን ጊዜ ሃምሳ አለቃ ማስመሪያውን አንስቶ ተናገረ።

«ሦስት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ነው። አንድ ጎደለ።»

አዳራሹ አቃሰተ። ሥራ አስኪያጁ መሐረቡን ከፊቱ ሳያነሳ ምንም አይደለም፣ ይለፍ አለ። ሃምሳ አለቃ ግን አይሆንም አለ፤ መሣሪያው በአራት መቶ ነው የሚያየው፣ በሪፖርቱ ተጽፏል፣ እርስዎም ፈርመዋል፣ በጎደለ መስመር ቢታወርስ ማን ይጠየቃል? የማጽደቂያው እጅ ገና በአየር ላይ ነው። ሰው እጁን ማውረድ አልቻለም፤ ካወረደ ስብሰባው እንደገና ሊጀመር ነው።

አንድ መስመር አለኝ አልኩ። ሥራ አስኪያጁ መሐረቡን አነሳና አየኝ። በቀዩ እስክሪብቶ ሥር ያለችውን አሳየሁት። ያን መስመር እኔ ነኝ የሰረዝኩት ካለ ጉድለቱ የራሱ ሊሆን ነው፤ አላለም። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። «የሥራ አስኪያጁ ጭምር» ስል የተኙት ሴቶች ነቁ። «ፈታሹም አደም ነው» ስል አንድም የወረደ እጅ አልነበረም። ሃምሳ አለቃ ማስመሪያውን በተሰረዘችው መስመር ሥር አሳርፎ አራት መቶ አለ። ጸደቀ።

ሰው ወደ በሩ ሲጎርፍ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ጠራኝ። አሁን እንኳን ቢሆን አንድ መንገድ አለ አለኝ። ትርጉሙ የተሳሳተ ነበር፣ ስለዚህ በስህተት ላይ የተመሠረተው መግለጫ ውድቅ ነው ብዬ በግለ ሂስ መልክ ጽፌ እንድፈርም ወረቀትና እስክሪብቶ አቀረበልኝ። ልብ በሉልኝ። ባለፈው ሳምንት ተሳስቻለሁ ብዬ በእግሬ ሮጬ ስመጣ አልተሳሳትክም ተባልኩ። ዛሬ ደግሞ በግድ ተሳሳት።

«አልተሳሳትኩም ጓድ ሥራ አስኪያጅ» አልኩት። «ሬዞሉሽን ማለት ማን ምን እንደሆነ ጥርት ብሎ እስኪለይ ድረስ መስመር ማብዛት ነው። አበዛን፤ ተለየ።»

ከዚያ ከነገ ጀምሮ ጸሐፊ አለመሆኔን፣ ወደ ቀዳዳ ማሽኑ እንደምወርድ፣ በግድግዳ ጋዜጣው ላይም ግጥም እንደማልለጥፍ ነገረኝ። ስለ አሻጥር አንድ ሁለት ቃል ጨመረ። እሺ አልኩት። እስክሪብቶውን ክዳኑን ገጥሜ መለስኩለት። ካሜራውን ካነሳን አይቀር፣ ከበላይ፣ የአቋም መግለጫችሁ ደርሶናል፣ በርቱ የሚል ደብዳቤ መጣ እንጂ ካሜራው እስከ ዛሬ አልመጣም።

ግቢው ውስጥ ሠራተኛው እንደ ሁልጊዜው ለፍተሻ ተሰልፏል፤ በዚያ ሙቀት ግን ማንም አይቸኩልም ነበር። ላንድሮቨሯ ከኋላችን መጥታ ጥሩምባ ነፋች። አደም በሩን አልከፈተም። እንደገና ነፋች። አደም ቀስ ብሎ ሄዶ በመስኮቱ አጎነበሰ።

«ውረድ ጓድ» አለው ለሥራ አስኪያጁ። በማክበር ነው ያለው፤ የድሬ አንተ ነው። «መስመር አራት መቶ።»

ሥራ አስኪያጁ ሰልፉን አየ፣ ሰልፉም እሱን። ወረደ። አደም ወንበሩን አነሳ፣ ከወንበሩ ሥር አየ፣ የኋላውን ከፈተ፣ ጎማውን ሳይቀር በእጁ ዳሰሰ። ምንም አላገኘም። ሥራ አስኪያጁ ሌባ ነው አላልኩም፤ እናንተም አትበሉ። ሾፌሩ ይሁን፣ ዘመዱ ይሁን፣ ነፋሱ ይሁን አላውቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አዝራር ጠፋ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። አደም በሩን ከፈተ፣ ላንድሮቨሯ ወጣች፣ ሰልፉ መንቀሳቀስ ጀመረ።

ተራዬ ሲደርስ ልለፍ ብዬ አንድ እግሬን አነሳሁ። እውነቱን ልናገር፣ ለሱ ስል ከቢሮ ወደ ቀዳዳ ማሽን የወረድኩ ሰው ስለሆንኩ እንደ ወንድሙ የሚያሳልፈኝ መስሎኝ ነበር። አደም ደረቴ ላይ መዳፉን አሳርፎ አቆመኝ።

«አቦ፣ የጻፍከው አንተ አይደለህ? እጅህን አንሳ።»

አነሳሁ። ሁለቱንም። ኪሴን ገለበጠ፣ ኮሌታዬን ዳሰሰ፣ ጫማዬን አስወለቀኝ፤ ከማንም ይበልጥ አጥብቆ፣ ከማንም ይበልጥ ቀስ ብሎ ፈተሸኝ፤ ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ሁሉ እያየ። በእነዚያ ዓመታት በየስብሰባው እጄን ስንት ጊዜ እንዳነሳሁ አላስታውስም። ከልቤ ያነሳሁት ግን ያን ቀን ነው።